ተሰበረብኝ አትበዪ

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት ስትደውዪልኝ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ወጥተሽ ሰርቪስ ላይ ነበርሽ። የጓደኞችሽ ሳቅና የመንገዱ ጥሩምባ ድምፅሽን ይሸፍነው ነበር። አንዷን ነገር ግን በደንብ ሰማሁ፤ «ጋሼ፣ መናዘዝ ፈልጌ ነበር፤ እንዴት እንደሚጀመር ግን ረስቼዋለሁ» አልሽ። ከዚያ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ስድስት ዓመት እንዳለፈሽ ነገርሽኝ። ሌላ ነገር ልትጨምሪ ስትይ ያቋረጥኩሽ እኔ ነኝ። እንዳትቀየሚኝ። የክርስትና አባትሽ ነኝ እንጂ ካህን አይደለሁም፤ ልትነግሪኝ የነበረው ነገር የእኔ ጆሮ ድርሻ አይደለም። ለእኔ ብትነግሪኝ ትንሽ ይቀልልሽ ነበር፤ ያቺ ትንሽ መቅለል ደግሞ ወደ ካህኑ ከመሄድ ታስቀርሽ ነበር። በዚህ መንገድ የቀሩ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

እሑድ እሑድ ከኋላ ወንበር ስለምቀመጥ ብዙ ነገር አያለሁ። ሕዝቡ ለቅዱስ ቁርባን ሲነሣ አንቺ ቁጭ እንደምትዪ፣ መንገድ ለመልቀቅ ጉልበትሽን ሰብሰብ አድርገሽ አንገትሽን እንደምትደፊ ካየሁ ቆየሁ። አልጠየቅኩሽም። ሰው ሳይዘጋጅ ከመቅረብ ቢቀር ለምሥጢሩ ክብር ሰጠ ማለት ነው። ነገር ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ገበታ ፊት ተቀምጦ ሳይበሉ መነሣት ያስርባል። አሁን ረሃቡ ስለተሰማሽ ደስ ብሎኛል፤ በስልክ ያልጨረስኩትን ልጻፍልሽ።

በመጀመሪያ ቃሉ አያስፈራሽ። በአማርኛችን «ተናዘዘ» ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የሞት አልጋ ነው፤ ሽማግሌ ተጠርቶ፣ ቤቱ ለእገሌ ላሚቱ ለእገሊት ሲባል። ካህን ወደ በሽተኛ ቤት ሲገባ ጎረቤት ደረቱን የሚደቃው ለዚህ ነው። ወጣቶችም ኑዛዜን ለእርጅና ያቆዩታል፤ እናንተ ገና ምን አላችሁና የምትናዘዙት ያላቸው ያለ ይመስል። በግዕዝ ግን ናዘዘ ማለት አጽናና ማለት ነው፤ ናዛዚ የሚባለውም አጽናኙ ነው። አባቶቻችን ኃጢአትን ለካህን መናገርን ከማጽናናት ጋር በአንድ ቃል ያሰሩት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ወደዚያ ወንበር የምትሄጂው ልትጽናኚ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን ያዢ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግርሽ ወደምፈልገው ልምጣ።

አማርኛችን ጥፋትን ከራስ ላይ የሚያነሣበት መንገድ ብዙ ነው። ብርጭቆ ጥለሽ ስትሰብሪ «ተሰበረብኝ» ትያለሽ፤ ብርጭቆው ተነሥቶ አንቺን የበደለ ይመስላል። የሰው አደራ ያጠፋ «ጎደለብኝ» ይላል። ሰው ሲያማ የዋለ «አፌ አመለጠኝ»፣ በእናቱ ላይ የጮኸ «ንዴት ያዘኝ»፣ ቀጠሮ የከዳ «ሳይሆንልኝ ቀረ» ይላል። ይህ ሁሉ ካልበቃ «ሰይጣን አሳሳተኝ» አለ። ቋንቋችን ክፉ ሆኖ አይደለም። «ተሰበረብኝ» የሚል ሰው ማዘኑንም እየተናገረ ነው፤ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ይህ በቂ ነው፤ ሆድ ያባባል፣ ጠብ ያበርዳል። በኑዛዜ ወንበር ግን አይበቃም። እዚያ የሚፈለገው የግሡ ባለቤት ነው። ሰበርኩ፣ ወሰድኩ፣ ዋሸሁ፣ አማሁ፣ ተውኩ። በዚህ ዕድሜዬ ለኑዛዜ መዘጋጀት ምንድን ነው ብትዪኝ መልሴ አጭር ነው፤ ከ«ብኝ» ወደ «ሁ» መሻገር ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያስተማረኝ አማርኛው ገና ያልጠና አንድ ባዕድ ካህን ነው።

ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አስተማሪ ነበርኩ፣ አዲስ አባወራም። የሰፈራችን እድር ጽሕፈት ስለምችል ገንዘብ ያዥ አደረገኝ። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ ባለቤቴ ታማ ብዙ ቀን ተኛች፤ መድኃኒቱ፣ መታረሻው፣ የእንግዳው ወጪ ተደራረበብኝ። አየሽ፣ አሁንም «ብኝ» አልኩ፤ ይህኛው ግን እውነተኛ «ብኝ» ነው፣ ሕመሙን እኔ አላመጣሁትም። ከእድሩ ሣጥን መቶ አርባ ብር አነሣሁ። በወሩ መጨረሻ እመልሳለሁ ብዬ ነበር። ወሩ አለቀ፣ ሌላውም አለቀ፣ አልመለስኩም። የሒሳብ ቀን ሲደርስ የድንኳን ኪራይ ወጪ ላይ ቁጥር ጨመርኩበት፤ እሱም አልሸፈነው ሲል ከጉባኤው ፊት ቆሜ «ይቅርታ፣ የተወሰነ ገንዘብ ጎድሎብኛል» አልኩ። ሰዎቹ አዘኑልኝ። አንድ አዛውንት «ይሁን፣ ልጅ ነው፣ ሒሳብ ሰውን ያሳስታል» ብለው ዘጉት። ይቅር ተባልኩ፤ ባላደረግኩት ስሕተት። ላደረግኩት ሌብነት ግን ማንም ይቅር አላለኝም፣ አያውቁትማ።

ፋሲካ ሲቃረብ ኑዛዜ ገባሁ። ካህኑ ኮምቦኒያዊ ነበር። የኮምቦኒ ሚስዮናውያን ወደ ሲዳማ የመጡት በ1957 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ እሱ ከእነዚያ በኋላ ከመጡት አንዱ ነው። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነበር፤ ዋጋ መጠየቅ፣ መንገድ መጠየቅ፣ ሕፃን ማጫወት ይችላል። ተንበርክኬ «አባ፣ የእድር ገንዘብ ጎደለብኝ» አልኩት። ዝም አለ። ቀጥሎ «ማን አጎደለው?» አለኝ። አማርኛው ያልገባው መሰለኝና ቀስ ብዬ አስረዳሁት፤ ሣጥኑ እኔ ዘንድ እንደነበር፣ ወጪ እንደበዛ፣ ሒሳቡ አልገጥም እንዳለ። አዳምጦኝ ሲያበቃ «አዎ ገባኝ። ማን አጎደለው?» አለኝ። ቁጣ የለበትም፣ ፌዝ የለበትም። አንድ የጎደለው ቃል እንዳለ አውቆ እሱን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ነበር። ለሦስተኛ ጊዜ ሊጠይቀኝ ሲል ጉሮሮዬ ተያዘ። «እኔ» አልኩት። «እኔ ወሰድኩት። መዝገቡ ላይ ቁጥር የጨመርኩትም እኔ ነኝ።» ከዚያ በኋላ ያለቀስኩትን ልቅሶ እናቴ በሞተች ጊዜ እንኳ አላለቀስኩም።

ገንዘቡን እንድመልስ አዘዘኝ። በሰው ፊት መነገር አለበት ወይ ብዬ ስጠይቀው መመለሱ የግድ ነው፣ መዋረዱ ግን ግድ አይደለም አለኝ። በአራት ወር ከፍዬ ጨረስኩ፤ ከአንድ በጎ አድራጊ እየተባለ ገቢ ሆነ። ባለቤቴ ለምን ሥጋ ቀረ ብላ አልጠየቀችም።

አስተውዪ ልጄ፤ ይህን ታሪክ ልነግርሽ የቻልኩት የራሴ ስለሆነ ነው። እሱ ግን ወደ አገሩ ተመልሶ እስኪያርፍ ድረስ ለማንም ሊያወራው አይችልም ነበር። በማግሥቱ ትምህርት ቤት መጥቶ ሻይ ስንጠጣ ፊቱ ላይ የትናንቱ ነገር ጥላ እንኳ አልነበረም። አንቺም የፈራሽው አንዱ ይህ እንደሆነ ገምቻለሁ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ በመላ ኢትዮጵያ የካቶሊኮች ቁጥር ከመቶ 0.7 ብቻ ነበር። ጥቂት ስንሆን ሁሉም ያውቀናል፤ ካህኑ እናትሽን ያውቃል፣ የወንድምሽን ሠርግ ባርኳል፣ ቤታችሁ ቡና ጠጥቷል። እንዴት ለእሱ? ትያለሽ። የቤተ ክርስቲያን ሕግ በዚህ ላይ ፈጽሞ አይለሳለስም። የኑዛዜን ምሥጢር በቀጥታ የሚያወጣ ካህን በዚያው ድርጊቱ ከቤተ ክርስቲያን ኅብረት የተለየ ይሆናል። የሰው ሕይወት ለማዳን ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢያዘው አያወጣም። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የሕግ መጽሐፍ ከዚህም አልፎ ምሥጢሩን ሳያወጣ እንኳ በኑዛዜ ያወቀውን ተናዛዡን በሚጎዳ መንገድ እንዳይጠቀምበት ይከለክለዋል። ይህም ሆኖ ካሳፈረሽ ያው ሕግ የምትናዘዢበትን ካህን የመምረጥ መብት ይሰጥሻል። ሐዋሳ ውስጥ ካልሆነልሽ ወደ ገጠሩ ሚስዮን ወጣ በዪ፤ የማያውቅሽ ካህን ዘንድ ተናዘዢ። ማንም አይቀየምሽም። የአውቶቡስ ብር ካነሰሽ እኔ አለሁ።

ይህች ከተማ ራሷ ለዚህ ነገር ታዘጋጅሻለች፤ ልብ ብለሽ ካየሻት። ከሲዳማ ጎረቤቶቼ ጋር ስኖር ሽምግልናቸውን ብዙ ጊዜ ተቀምጬ አይቻለሁ። ነገር ሲከፍቱ «አፊኒ» ይላሉ፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። ሰሚው ሰማሁ ሳይል ተናጋሪው አይቀጥልም። የሁሉ መለኪያ ደግሞ «ሐላሌ» የሚሉት እውነት ነው። ሐላሌን የሸሸ ሰው ካሳ ቢከፍልም ዕርቁ እንዳልጸና ይቆጠራል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በማይዳሰስ የሰው ልጅ ቅርስነት የመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሲደርስም፣ ሕዝቡ ወደ ጉዱማሌው አደባባይ ወጥቶ ከመጨፈሩ በፊት የተጣሉ እንዲታረቁ ሽማግሌዎች ይደክማሉ፤ ቂም ይዞ አዲስ ዓመት መግባት ነውር ነው። የቤተ ክርስቲያናችን የትሬንቶ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1551 ስለ ምሥጢረ ንስሐ ሲደነግግ ከተናዛዡ የሚፈለጉትን ሦስት ነገሮች አስቀመጠ፤ ፀፀት፣ ኑዛዜ፣ ካሳ። በዋርካ ሥር የተቀመጡት አዛውንቶችም የሚጠይቁት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ልዩነቱ ይቅርታውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ነው፤ ልዩነቱም ትልቅ ነው።

አብራሽ የምትኖረው ልጅ ጴንጤ እንደሆነች ነግረሽኛል። «ለሰው ከምትናገሪ ለምን ቀጥታ ለእግዚአብሔር አትነግሪውም?» ትልሻለች አልሽኝ። ልጅቷን አትቆጪያት፤ ጥያቄዋ የቅንነት ነው፣ እሷም በየማታው የምትጸልይ ልጅ ናት። ቀጥታ ለእግዚአብሔር መናገርማ አለብን፤ ያ የሌለበት ኑዛዜ ባዶ ነው። ነገር ግን ጌታ ከትንሣኤው በኋላ በዝግ ቤት ለነበሩት ሐዋርያት እፍ ብሎባቸው ኃጢአትን የማስተሰረይ ሥልጣን እንደሰጣቸው ዮሐንስ ምዕራፍ 20 ላይ ይነበባል። ሥልጣኑን ለሰዎች የሰጠው፣ ሰው ምን ያህል የሰው ድምፅ መስማት እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ይመስለኛል። እኔ ለብቻዬ በክፍሌ ሆኜ የእድሩን ገንዘብ ለእግዚአብሔር ስንት ሌሊት ነግሬዋለሁ። ሁልጊዜ ግን «ጎደለብኝ» እያልኩ ነበር። «ማን አጎደለው?» የሚለኝ አልነበረም። ለእሷ ይህን ንገሪያት፤ ክርክር አያስፈልግም። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም እያንዳንዱ ቤት የንስሐ አባት አለው፤ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ቤተሰቡን ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል። በዚህ ነገር ብዙ እንቀናባቸው ዘንድ ይገባል።

አሁን ወደ ተግባሩ።

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሂደሽ ታውቂያለሽ። ወጣቶቹ ቆሮሶውን ቅርፊቱን ሲፍቁ፣ ሆዱን ሲዘረግፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎች በረጅም እግራቸው ዙሪያውን ቆመው ሲጠብቁ አይተሻል። እጃቸው እስከ ክርን በደምና በቅርፊት ተለውሶ ማንም አይጨነቅም፤ ምክንያቱም ሐይቁ አንድ እርምጃ ላይ ነው። ያን ሥራ ውኃ በሌለበት ክፍል ቢሠሩት ግማቱ ቤቱን ያስለቅቃል። ሕሊናሽንም ስትመረምሪ ከውኃው፣ ከእግዚአብሔር ምሕረት፣ አጠገብ ሁኚ። ምርመራውን በኃጢአትሽ አትጀምሪው። መጀመሪያ ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ ስልክሽን አጥፊ፣ መንፈስ ቅዱስ እንዲያሳይሽ ለምኚ፤ ከዚያ በእነዚህ ስድስት ዓመታት የተደረገልሽን አንድ በአንድ አመስግኚ። ሉቃስ ምዕራፍ 15ን አንብቢ፤ ልጁ ያዘጋጀውን ንግግር ሳይጨርስ አባቱ እንዴት እንዳቋረጠው አስተውዪ። ይህን ሳታደርጊ ወደ ኃጢአትሽ ብትገቢ ወይ ተስፋ ትቆርጫለሽ ወይ ራስሽን ለመከላከል ምክንያት ስትደረድሪ ትውያለሽ።

ቀጥሎ ሰዎችን አስቢ። ብዙዎች ዐሥርቱን ትእዛዛት ከላይ እስከ ታች እያነበቡ «አልገደልኩም፣ አልሰረቅኩም» ብለው በአምስት ደቂቃ ይጨርሳሉ። ትእዛዛቱን በኋላ አጥር ለማየት ተጠቀሚባቸው፤ መጀመሪያ ግን ፊቶችን አምጪ። እናትሽን። ከጎንሽ ባለው ማሽን ላይ የምትሠራውን ልጅ። ሱፐርቫይዘርሽን። የወደድሽውን ሰው፣ የጠላሽውን ሰው። ብድር የሰጠችሽን። ስልክሽ ውስጥ ያሉትን፣ ስማቸውን ሳታውቂ የምትሳደቢባቸውንም። ለእያንዳንዳቸው ምን አደረግሁ፣ ማድረግ ሲገባኝ ምን ተውኩ ብለሽ ጠይቂ። «ተውኩ» የምትለዋን አትዝለያት። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ተከፍቶ ከየገጠሩ የመጡት ልጆች በአንድ ክፍል አራትና አምስት ሆነው ሲኖሩ አይቻለሁ፤ የታመመችውን ጓደኛ ዝም ብሎ ጥሎ ሽፍት መግባት እንደሚቀል፣ ወደ ቤት የሚላከውን ብር መቀነስም እንደሚቀል አውቃለሁ። በመጨረሻ እግዚአብሔርን ራሱን አስቢ፤ እሱም ያላነጋገርሽው ወዳጅ ነው።

ለሞት የሚያደርስ ኃጢአት የሚባለው ሦስት ነገር ሲገጥም ነው፤ ነገሩ ከባድ ሲሆን፣ ከባድ መሆኑን እያወቅሽው፣ በፈቃድሽ ስታደርጊው። እነዚህን በዓይነትና በቁጥር ነው የምትናገሪው። ቁጥሩን ልክ ማወቅ ካልቻልሽ «ለሁለት ዓመት ያህል በየሳምንቱ ገደማ» ማለት ይበቃል። ዝርዝር ታሪክ አያስፈልግም። የሌላ ሰው ስም አታንሺ፣ የሌላ ሰው ኃጢአትም አትናዘዢ። ስለ አማታቸው ጥፋት ለግማሽ ሰዓት ተናዝዘው የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ የራሳቸውን ሳይነኩት ይመለሳሉ። የምትረሺ ከመሰለሽ በቁራጭ ወረቀት ጻፊው፣ ሲያልቅም አቃጥዪው። በስልክሽ ላይ አትጻፊው። በስልክ መናዘዝም አይቻልም፤ ካህኑና ተናዛዡ በአካል መገናኘት አለባቸው።

ወረቀቱን ስትጽፊ ግሦቹን ተመልከቺ። «ብኝ» ያለበትን ሁሉ አስምሪበትና ጠይቂ፤ ይህ እውነተኛ «ብኝ» ነው ወይስ የተደበቀ «ሁ»? የደረሰብሽ በደል ኃጢአትሽ አይደለም። ይህን ከልቤ ነው የምነግርሽ። ሰዎች ባንቺ ላይ ያደረጉትን ተሸክመሽ የራስሽ አድርገሽ የምትናዘዢ ከሆነ ሸክሙን ለባለቤቱ መልሺ። ያደረግሽውን ግን በስሙ ጥሪው። አዳም ሲጠየቅ ሴቲቱን አመለከተ፣ ሴቲቱ እባቡን አመለከተች፤ ሁለቱም ያሉት ሐሰት አልነበረም፣ ግን ራሳቸውን አልጠሩም። ንጉሥ ዳዊት ናታን ፊት ሲቆም ግን የመለሰው መልስ በዕብራይስጡ ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ በደሉንም እግዚአብሔርንም ጠርቶ፣ ቤርሳቤህን ሳይወቅስ፣ ጦርነቱን ሳያመካኝ። መዝሙር 50ን (በአዲሶቹ መጽሐፍ ቅዱሶች 51 ነው) ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዘሽ ጸልዪው።

ፀፀትን በእንባ አትለኪው። አለቀስኩ ማለት ተፀፀትኩ ማለት አይደለም፤ ዓይኔ ደረቀ ማለትም ልቤ ደነደነ ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ሁለት ዓይነት ፀፀት ታውቃለች፤ እግዚአብሔርን ስለሚወዱ የሚመጣውና ፍጹም የሚባለው አንዱ ነው፣ ቅጣትን ከመፍራት ወይም የኃጢአትን አስቀያሚነት ከማየት የሚመጣው ያልተሟላው ሌላው ነው። ያልተሟላው ፀፀት ወደ ኑዛዜ ከመጣ ይበቃል። ስለዚህ «ገና በደንብ አልተፀፀትኩም» ብለሽ ሰባተኛ ዓመት አትጠብቂ።

ቁርጥ ውሳኔ ግን ያስፈልጋል፤ እንደገና አልወድቅም የሚል ትንቢት ሳይሆን፣ መንገዱን እለውጣለሁ የሚል ፈቃድ። የዓፄ ሱስንዮስ ታሪክ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 ለኢየሱሳዊው ለፔድሮ ፓኤዝ ሲናዘዝ ከመጀመሪያ ሚስቱ በቀር ሌሎቹን አሰናበተ። ኑዛዜው ቤቱ ድረስ ገባ ማለት ነው፤ ለንጉሥ ቀላል አልነበረም። ከዚያ ግን በራሱ ሕሊና የሆነውን በአዋጅ በሕዝቡ ላይ ሊጭን ሞከረ፤ አገሪቱ ለዓመታት በደም ተነከረች፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቅዶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። እኛ ካቶሊኮች ይህን ታሪክ ስናነሣ አንገታችንን ደፍተን ነው ማንሣት ያለብን። አንቺም ነገ ከኑዛዜ ስትወጪ ደስታሽ በዝቶ አብራሽ የምትኖረውን ልጅ ልትመክሪ፣ ወንድምሽን ልትገሥጪ ይዳዳሽ ይሆናል። ለጥቂት ወራት ዝም በዪ። መጀመሪያ የራስሽ ቤት ይስተካከል።

መመለስ ያለበት ነገር ካለ፣ ገንዘብም ይሁን የሰው ስም፣ እንዴት እንደምትመልሺው አስቀድመሽ አስቢበት፤ ካህኑንም ጠይቂው። የሰው ስም መመለስ ከገንዘብ ይከብዳል። የተቀየመሽ ሰው ካለና ልታገኚው ከቻልሽ ከኑዛዜው በፊት ሂጂ፤ ጌታ መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ ብሎናል። ካልቻልሽ ግን ያ ምክንያት ሆኖ ከኑዛዜው አያስቀርሽ።

አንድ ነገር ስለ ፈሪዎች ልጨምር። ተናዝዘው ሳይውሉ ሳያድሩ የሚመለሱ፣ ያንኑ ኃጢአት አሥር ጊዜ የሚደግሙ፣ ይቅር መባላቸውን የማያምኑ አሉ። በልጅነትሽ አንቺም ትንሽ ወደዚያ ታዘነብዪ ነበር። የተናዘዝሽውና የካህኑን የይቅርታ ጸሎት፣ ፍትሐትን፣ የተቀበልሽበት ነገር ሄዷል። ደግመሽ አትቆፍሪው።

አጀማመሩን ጠይቀሽኝ ነበር፤ እንዳየሽው እሱ ቀላሉ ነው። ትንበረከኪያለሽ ወይም ትቀመጫለሽ፣ አማትበሽ ካህኑን ቡራኬ ትለምኛለሽ። የመጨረሻ ኑዛዜሽ ስድስት ዓመት እንደሆነው ትናገሪያለሽ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ አይሁን። እ.ኤ.አ. በ1215 የላተራን ጉባኤ ምእመናን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዙ ያዘዘው ሰው እንዳይጠፋ እንጂ የዘገየው እንዲባረር አይደለም። ካህኑ ስድስት ዓመት ሲሰማ የሚያስበው ስድስቱን ዓመት ሳይሆን መምጣትሽን ነው። ኃጢአትሽን ትናገሪያለሽ፣ ምክሩን ትሰሚያለሽ፣ የሚያዝሽን ካሳ ትቀበያለሽ፣ የፀፀት ጸሎት ታደርሻለሽ። ጸሎቱ ከጠፋሽ በራስሽ ቃል በዪው፤ ወይም ካህኑን «ረስቼዋለሁ» በዪው፣ እሱ ይመራሻል። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ፍትሐቱን ሲያደርስ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚ። ያዘዘሽን ካሳ በዚያው ቀን ፈጽሚ፤ ያደረ ካሳ ይረሳል።

የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እረፍት እንዳለሽ ነግረሽኛል። እኔ በዘጠኝ ሰዓት እዚያው ከኋላ ወንበሬ ላይ እሆናለሁ፤ የምጸልየው የራሴ ጸሎት አለኝ፣ ተራዬንም እጠብቃለሁ። ቀድመሽኝ ከገባሽ ግቢ። ስትወጪ ምን አልሽ፣ ምን አለሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ዝም ብለን በእግራችን ወደ ፍቅር ሐይቅ እንወርዳለን፤ ከፈለግሽ ሻይ እንጠጣለን፣ ካልፈለግሽ ውኃውን እናያለን። እሑድ ሕዝቡ ለቁርባን ሲነሣ ጉልበትሽን ሰብስበሽ መንገድ የምትለቂላቸው ሰዎች ከፊትሽ ሲሰለፉ፣ አንቺም ከኋላቸው ተነሺ።